ሲያምሽ ፈገግ በይ

ጥር 6

ቀጥ በይ ስብሰባ ስለነበረባት ትንንሾቹን ብቻዬን አሠራኋቸው። ለመምህራችን ይሄን ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ከአፏ ሌላ ቃል አይወጣማ። አሁን ትንንሾቹ ሳይቀሩ ይሏታል... ከኋላዋ ሲሆን ነው ታዲያ። ከፊቷ "ቲቸር" ናት።

የባሌት አዳራሹ ዛሬም ቀዝቃዛ ነበር። ግድግዳው ላይ ያለውን ዘንግ አስይዤ ጉልበት ማጠፍ፣ ቀስ ብሎ መነሳት፣ ተረከዝ ማንሳት። ግማሾቹ እግራቸውን ወደ ውጭ የሚያዞሩት ከዳሌ ሳይሆን ከጉልበት ነው። ለዓይን ያምራል፣ ጉልበትን ግን ይበላል። ነገርኳቸው። ምክር ስሰጥ የራሴ ድምፅ ደስ ይለኛል ልበል? ይለኛል።

አንዷ እግሯን አሟት ፊቷን ጭምድድ አደረገች። "ሲያምሽ ፈገግ በይ" አልኳት። "ሕመም ለማየት ትኬት የሚቆርጥ ሰው የለም።" ሳቁ። ፌንጣ ግን አልሳቀችም፤ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ለራሷ ደገመችው።

ፌንጣ የአክስቴ ልጅ ናት። አሥራ አንድ ዓመቷ። እዚሁ ሕንፃ ላይ፣ ከእኛ በላይ ነው የሚኖሩት። ስትዘል መሬት የረሳች ስለምትመስል ስሙ እዚያው ቀረላት። አምና አክስቴ እጇን ይዛ ስታመጣልኝ "አደራሽን፣ ከዓይንሽ እንዳትጠፋ" ብላኛለች። መች ትጠፋና። መንገድ ላይ እንኳን እርምጃዬን እያየች ነው የምትራመደው።

ጥር 9

ዛሬ ምርጫ ነበር። የጫፍ ጫማ የሚፈቀድላቸው... ያ ጫፉ እንደ እንጨት የደረቀው፣ በጣት ጫፍ የሚቆሙበት ጫማ። ትንንሾቹ ከሱ ሌላ ሕልም የላቸውም።

ቀጥ በይ አንድ በአንድ እየጠራች በአንድ እግር አቆመቻቸው። ዘንግ ሳይያዝ ተረከዝ ወደ ላይ፣ ቀስ ብሎ ወደ ታች፣ እንደገና። ፊታቸውን አታይም። ወለሉ ላይ ተቀምጣ ቁርጭምጭሚታቸውን ብቻ ነው የምታየው። የፌንጣ ቁርጭምጭሚት እንደ ላላ የበር ማጠፊያ ወዲህ ወዲያ አለ። "አጥንትሽ ገና ነው። ለከርሞ" አለቻት። "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።"

ፌንጣ ፈገግ አለች። አውቶቡስ ውስጥ ስንገባ ነው የፈነዳችው። "እቴቴ፣ እኔ እንቁላል ነኝ እንዴ?" እያለች እንባዋን በሹራቧ እጅጌ ትጠርጋለች። አንጀቴን በላችው።

እኔም የራሴ ብሶት ነበረኝ። ቀጥ በይ ልጆቹ እየሰሙ "አንቺ ቁጥር ትጮሂያለሽ እንጂ እግራቸውን አታዪም" አለችኝ። በትንንሾቹ ፊት። ደሜ እስካሁን ይፈላል።

ጥር 12

አልጋዬ ሥር፣ ሻንጣ ውስጥ፣ አሮጌ የጫፍ ጫማዎቼ አሉ። የደከሙ ናቸው። ጫማው ሲደክም ጫፉ ይላላል፣ ሶሉ ይለሰልሳል፣ ከዚያ ወዲያ እግር ጫማውን ይሸከማል እንጂ ጫማው እግርን አይሸከምም። ደግሞ በእኔ እግር ቅርጽ ታጥፏል። የጫፍ ጫማ አይወረስም፣ ይሄን ማንም ያውቃል። እኔም አውቃለሁ።

ሰጠኋት።

እግሯ ላይ ሰፋ። ጫፉ ውስጥ ጥጥ ጠቀጠቅኩበት። ሪባኑን ሳስርላት ትንፋሿን ውጣ ነበር የተቀመጠችው። "ለማንም" አልኳት። "ለማንም" አለች። በአንድ ወር ውስጥ አጠንክሬ ቀጥ በይ ፊት አቆማታለሁ። ያኔ እግር የማታየው ማን እንደሆነች እናያለን።

ለፌንጣ ብዬ ነው ወይስ እልህ ይዞኝ?... ለፌንጣ ብዬ ነው።

ጥር 15

ጣሪያ ላይ ወጣን። ልብስ ማስጫው ሥር፣ የውሃ ታንከሩ አጠገብ። ወለሉ ሲሚንቶ ነው። አዳራሹ ውስጥ ከእንጨቱ ወለል በታች ክፍተት የተተወው ለምን ሆነና? እግር ሲያርፍ ትንሽ እንዲረግብለት አይደል? ግን ሌላ የት እንሂድ። የብረቱን አጥር አስያዝኳት።

ወጣች። የእኔ ፌንጣ በጣቷ ቆመች። በእርጥቡ አንሶላ መሃል ረዝማ ሳያት ዓይኔ እንባ አቀረረ። ማንም እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም፣ እሷ ከዚያ ላይ ሆና እንዳየችኝ።

ጥር 21

ጎበዝ ናት። የአውራ ጣቷ ጥፍር ጠቁሯል። የሁላችንም ጠቁሮ ነበር። በፕላስተር ጠቀለልኩላት።

ጥር 26

ቁርጭምጭሚቴን ያመኛል አለች። ከውጭ በኩል፣ ከአጥንቱ ጉብታ ከፍ ብሎ።

የዛለ ጡንቻ የሚያመው ሌላ ነው፤ ሁለቱንም እግር ይይዛል፣ ቦታ የለውም፣ እያደር ይለቃል። በአንድ ጣት የሚጠቆም ሕመም ሲሆን ግን ሥራ ይቆማል። ይሄንን ለትንንሾቹ ያስተማርኩት ራሴ ነኝ። ፌንጣ በአንድ ጣቷ ጠቆመችልኝ።

"ምን ተባብለናል?" አልኳት።

ፈገግ አለች። ቀጠልን።

የካቲት 2

ጉድ ፈላ። ከጣቷ ላይ ስትወርድ እግሯ ታጠፈ። ጥጡ ተንሸራቶ ነው... ጥጡ ነው። ሲሚንቶው ላይ ተቀምጣ ዓይናችን እያየ ቁርጭምጭሚቷ አበጠ። ፊቷ አመድ መስሎ፣ ቀና ብላ ፈገግ አለችልኝ።

ጫማውን ከእግሯ አወጣሁ። መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ እግሯ አልነበረም። ጫማውን የት እንደምደብቅ ነበር ያሰብኩት። ይሄን እዚህ ካልጻፍኩት የት እጽፈዋለሁ?

"ደረጃ ላይ ወደቅኩ በዪ" አልኳት።

የካቲት 3

አክስቴ አመነች። ለምን አታምን፤ የሁለተኛው ፎቅ ደረጃ አምፖል ከተቃጠለ ሰንብቷል። በሩ ላይ ያሉትን ጋሼ ጥበቃውን "ልጄን ሊገድሉብኝ ነው?" ብላ ሕንፃው በሙሉ እስኪሰማ ጮኸችባቸው። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው ሰሟት። እኔ ከጎኗ ቆሜ ትከሻዋን እየዳበስኩ "ተይ አክስቴ፣ በቃ" እላለሁ። አስታራቂ ሆኜ አረፍኩት።

ሐኪም ቤት ወለምታ ነው ተባለ። በፋሻ ታሰረ። በረዶ ይደረግበት፣ በክራንች ትሂድ፣ እብጠቱ ሲቀንስ ትርገጥበት። ተመስገን። ወለምታ የማያውቀው ማን አለ?

የካቲት 6

ጋሼ ጥበቃው አምፖሉን ቀይረዋል። እሱ ብቻ መች ሆነና፤ ከአሮጌ ጎማ እየቆረጡ የየደረጃውን ጠርዝ በሚስማር መትተውበታል። ጠዋት ጠዋት ፌንጣን አዝለው ያወርዷታል። "ጥፋቱ የኔ ነው፣ የኔ ልጅ" ይሏታል። እሷ ማጅራታቸው ላይ ፊቷን ትደብቃለች። ዛሬ ሲወርዱ ተገጣጠምን። "አንቺስ በሐሳብ ከሳሽብኝ፣ እህትነት እንዲህ ነው" ብለው መረቁኝ።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። የኔው ለምን እያደር ከበደ?

የካቲት 11

እብጠቱ እንቢ አለ። ዛሬ ሐኪም ዘንድ አብሬያቸው ሄድኩ። አክስቴ ናት "ካንቺ ጋር ስትሆን አትፈራም" ያለችው።

ሐኪሙ ከጉብታው ከፍ ብሎ ሲጫናት የወንበሩን ጠርዝ ጨመቀች። ፊቷ ግን ፈገግ እንዳለ ነው። ግራ ገባው። እንዴት ወደቅሽ፣ ወደ ውስጥ ነው ወደ ውጭ የታጠፈው፣ ስንተኛው ደረጃ ላይ... "አላስታውስም" አለች። ከመውደቅሽ በፊት ያምሽ ነበር? አላት። ወደ እኔ ዞራ አየችኝ። ጫማዬን ማየት ጀመርኩ።

"አላመመኝም።"

ለአክስቴ እንዲህ ብሎ አስረዳት። ነገሩ መውደቅ ብቻ ከሆነ ፋሻው ይበቃል፣ ከሰኞ ጀምሮ ክራንቹን ትታ ትራመድ፣ መገጣጠሚያው እንዳይደርቅ። እግሯ ከዚያ በፊት ሲጎዳ የከረመ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው፤ በዚህ ዕድሜ አጥንት የሚያድግበት ለስላሳ ቦታ አለ፣ እሱ ተሰንጥቆ ሳለ ከተረገጠበት እግሩ ጠምሞ ሊያድግ ይችላል። ታዲያ እንዴት እናውቃለን? አለች አክስቴ።

"እኔ የማክመው የነገራችሁኝን ነው" አላት።

አክስቴ ሐኪሙን አመሰገነችው። እኔም አመሰገንኩት።

የካቲት 12

ብናገር ቀጥ በይ ታባርረኛለች። የሰኔው ትርኢት፣ ብቻዬን የምደንስበት፣ ቀረ ማለት ነው። ስንት ዓመት የጠበቅኩት። አክስቴ እናቴን ታኮርፋለች፣ ሁለት ናቸው፣ ሌላ እህት የላቸውም። እና ደግሞ ወለምታ ሊሆን ይችላል እኮ... ሊሆን አይችልም? ብዙ ሰው ወድቆ ይነሳል።

በጣቷ ጠቁማልኛለች። በአንድ ጣት።

እናቴ "ምነው ትወዛወዢያለሽ፣ ቂጥሽን መሬት አስይዢ" አለችኝ። የመድረክ ፍርሃት ነው አልኳት። አሁንማ ውሸት ሳይጠሩት ይመጣልኛል።

የካቲት 13

ከሱቅ ስመለስ ፌንጣ ደረጃው ላይ ነበረች። ክራንቹን ግድግዳ አስደግፋ፣ ለሰኞ መራመድ ትለማመዳለች። ተረከዟ መሬት አይነካም። በጣቷ ነካ ታደርግና ፈገግ፣ ነካ ታደርግና ፈገግ። ግንባሯ በላብ ርሷል። ማንም አያያትም፣ ለማን ነው ፈገግ የምትለው?

ስታየኝ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች። "እቴቴ፣ አልተናገርኩም እኮ። ጎበዝ አይደለሁ?"

ቤት ገብቼ ጫማዎቹን ከሻንጣው አወጣሁና ወደ ላይ ወጣሁ። ደረጃውን ስወጣ እንዳልመለስ ሪባኑን እጄ ላይ ጠምጥሜዋለሁ።

አክስቴ የፌንጣን የትምህርት ቤት ሸሚዝ እየተኮሰች ነበር። ጫማዎቹን መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኳቸው። ሁሉንም ነገርኳት። ጣሪያውን፣ ጥጡን፣ ጥር ላይ ያመኛል ስትለኝ ያልኳትን፣ ደረጃውን። ዓይኗን ከጫማዎቹ አላነሳችም። ካውያው እዚያው እንደቆመ ሸሚዙ መቃጠል ጀመረ። ሽታው መጣ። እኔ ነኝ ያነሳሁት።

ትሰድበኛለች ብዬ ነበር። ትመታኛለች ብዬም ነበር። ድምፅዋን ሳታነሳ ነው የተናገረችው።

"እኔ ልጄን የሰጠሁት ለትምህርት ቤቱ አልነበረም። ላንቺ ነው።"

ከዚያ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ደረጃው ላይ "ነይ የኔ እናት፣ እግርሽን እንዳታስነኪ" ስትላት ሰማሁ። አብሬ ልሂድ አላልኩም። የተቃጠለውን ሸሚዝ አጥፌ አስቀምጬ በሩን ዘግቼ ወረድኩ።

የካቲት 14

እናቴ ናት የነገረችኝ። ሁለቱም እግሯ ራጅ ተነስቶ ተነጻጽሯል። ያ ለስላሳ ቦታ ተሰንጥቋል። እስከ ጉልበቷ ጄሶ ገብቶላታል። ሐኪሙ "ሰኞ ብትራመድበት ኖሮ..." ብሎ አቁሟል። ትደንስ እንደሆነ አክስቴ ስትጠይቀው መጀመሪያ ቀጥ ብላ ትሂድ አለ አሉ።

እናቴ ይሄን ሁሉ የነገረችኝ ዕቃ እያጠበች፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ ነው። ሲያልቅ ዞር አለች። "መንገርሽ ደግ አደረግሽ" አለች። እጇን እየጠረገች "ዘገየሽ እንጂ" አለች።

የካቲት 16

ለቀጥ በይ ነገርኳት። አዳራሹ ባዶ ነበር፣ እግር እንዳይንሸራተት የሚነሰነሰው የሙጫ ዱቄት ሽታ ብቻ። አንገቴን ደፍቼ፣ ትከሻዬን ጥዬ ቆሜ ነው የተናገርኩት። ቀጥ በይ አላለችኝም። ለመጀመሪያ ጊዜ።

ጫማውን ተቀብላ ሶሉን በሁለት ጣቷ አጠፈችው። እንደ ካርቶን ተጣጠፈ። ጥጡን መዘዘችው፤ ጫፉ ላይ ደም ነበረበት። አላየሁትም ነበር። ያን ሁሉ ቀን ሪባን ሳስርና ስፈታ።

ከሰኔው ትርኢት አስወጣችኝ። ትንንሾቹን ማሠራትም ቀረ። አልተባረርኩም ግን። ከነሱ ክፍለ ጊዜ አንዱም ሳያመልጠኝ መጥቼ ወለሉ ላይ እቀመጣለሁ። "አፍሽን ዘግተሽ እግር ታያለሽ" አለችኝ። መባረር ይሻለኝ ነበር።

የቀሩት ጋሼ ጥበቃው ነበሩ። ለሳቸው መንገር ከሁሉም ከበደኝ። ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። "እኔማ ልጅ ጎዳሁ ብዬ እህል አልወርድ ብሎኝ ነበር" አሉ። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ደግሞ "ለነገሩ አምፖሉም ጠፍቶ ነበር" አሉ።

የካቲት 28

ሁሉም እግር ይናገራል። እንዴት ነው እስከዛሬ ያልሰማሁት? አንዷ ሲደክማት ክብደቷን ወደ ትንሿ ጣት ትጥላለች። አንዷ ጉልበቷን ስታጥፍ ተረከዟን ሰርቃ ታነሳለች። ቁጥር እየጮኹ ይሄ አይታይም። ቀጥ በይ እውነቷን ነበር... ይሄን መጻፍ ራሱ ያስጠላል።

የዘንጉ ጫፍ ላይ የፌንጣ ቦታ ባዶ ነው። ማንም አልቆመበትም።

መጋቢት 20

ጄሶው ወጥቷል። እግሯ ቀጥኖ የሌላ ልጅ እግር መስሏል አለችኝ እናቴ። እኔ አላየሁም። አክስቴ ደረጃ ላይ ስታገኘኝ ሰላምታዬን በአንገቷ ትመልሳለች፣ ያውም ሰው ካለ። በሯን ማንኳኳት አልደፈርኩም።

ዛሬ እናቴ ሳሕን መልሺ ብላ ሰደደችኝ። አውቃ ነው። አክስቴ ከፈተች። ከጀርባዋ ፌንጣ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ባዶ እግሯን ወለሉ ላይ የተዘረጋ ፎጣ ላይ አድርጋ በጣቶቿ ልትሰበስበው ትታገላለች። እግሯን የምታሠራት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነች ያዘዘችላት። የእግር ጡንቻ እንዲህ ነው የሚጀምረው፣ ከፎጣ። ከዚያ ጥርስ ሲፋቅ በአንድ እግር መቆም፣ ከዚያ በላስቲክ መሳብ። ይሄን ሁሉ አውቀው ነበር። ጫማውን ከመስጠቴ በፊት ፎጣ ብሰጣት ኖሮ...

አክስቴ ሳሕኑን ተቀበለችኝ። ልዘጋ ነው ብላ በሩን ያዘች። ከዚያ ተወችው።

"ግቢና ፎጣውን ያዢላት" አለች። "ሁሌ ይንሸራተትባታል። እኔ ሥራ አለብኝ።"

ሥራ አልነበራትም። ማድ ቤት ቆማ እስክጨርስ ስታየኝ ነበር። ትየኝ።

ግንቦት 9

ፌንጣ ተመልሳለች። በለስላሳ ጫማ፣ ዘንግ ይዛ ብቻ፣ መዝለል የለም። የጫፍ ጫማ ለከርሞም አይደለም፣ ምናልባትም መቼም። ሐኪሙ አልማለም። "እንቁላሉ ቆየ" አለቻት ቀጥ በይ፣ ስማ እያስገባቻት። ቀጥ በይ ሰው ስትስም አይቼ አላውቅም።

ዛሬ ማሟሟቂያውን እኔ እንዳሠራቸው ተፈቀደልኝ። ወለሉ ላይ ተቀምጬ አሠራኋቸው። መቁጠሩን ለነሱ ሰጠኋቸው፣ እኔ እግር አያለሁ። ተረከዝ ማንሳት ላይ የፌንጣ እግር ሲወርድ አንዴ ቸኮለ። በጣም ትንሽ ነው። ቆሜ ቢሆን አላየውም።

ሙዚቃውን አቆምኩ። "አመመሽ?"

ፈገግ አለች። ያቺኑ ፈገግታ። "አላመመኝም።"

እውነቷን ይሁን አይሁን አላወቅኩም። ፈገግታውን ያስተማርኳት እኔ ነኝ፣ እኔው ላነበው አልቻልኩም። ከሁሉም በላይ ያስፈራኝ ይሄ ነው፤ አጥንቱስ ገጠመ ይላሉ። ልጆቹ ሁሉ ዘንጉን ይዘው ያዩናል። እግሯን ጭኔ ላይ አድርጌ ጫማዋን አወለቅኩት። ቁርጭምጭሚቷን በሁለት እጄ ያዝኩ። "ፌንጣዬ፣ እኔ ጥፋት ነው ያስተማርኩሽ" አልኳት፣ ሁሉም እየሰሙ። "ፈገግታሽን ተዪውና ንገሪኝ።"

አፏ ቀስ እያለ ወረደ። ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። መናገር የከለከልኳት ነገር ስለሆነ መሰለኝ መጀመሪያ ወደ በሩ አየች፣ ከዚያ ወደ እኔ።

"ትንሽ" አለች። ጣቷ ግን አልጠቆመም፤ በመዳፏ ባቷን በሙሉ፣ ከዚያ የሌላውንም እግር ባት ዳበሰች።

የዛለ ጡንቻ ነው። ይለቃል። ዘንጉ ሥር አስተኝቼ እግሯን ግድግዳው ላይ አስደገፍኳት፣ ሌሎቹም ካልተኛን አሉ፣ ሁሉም ተኙ፣ ማሟሟቂያው እዚያው ተበላሸ። ቀጥ በይ ገብታ አየችንና ተመልሳ ወጣች።

ልጅ አሞኛል ስትለኝ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ይቅር ይበለኝ።